ምኒልክ ጠመንጃ ሲመርጡ፦ ከአድዋ በፊት የነበረው ረጅሙ ገበያ

ከዓለም ባንክ ታክሲ ይዛችሁ ፒያሳ ስትወጡ፣ ጊዮርጊስ ጋ በፈረስ ላይ ሆነው የምታዩዋቸው አፄ ምኒልክ ናቸው። የእሳቸው ስም ሲነሳ አድዋ ይነሳል፤ አድዋ ሲነሳ ደግሞ ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ። እውነት ነው፣ ጦርና ጎራዴም ነበር። ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፈው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ይዞ ነበር። ያ ሁሉ ጠመንጃ ከየት መጣ? ዛሬ የምንነግራችሁ የገዢውን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር አድርገናቸዋል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱ፣ ልጁም ተማረኩ። ምርኮኛ ይባሉ እንጂ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ነው ያሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ድረውላቸዋል። ምኒልክ ወደ 10 ዓመት የሚሆነውን የልጅነትና የወጣትነት ጊዜ ያሳለፉት በዘመናዊ መሣሪያ ፍቅር የተቃጠለ ንጉሥ አጠገብ ነበር።

በሰኔ 1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ቴዎድሮስ ግን የመሣሪያውን ነገር አልተዉም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ተራራና ገደል ለገደል በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው አለ።

በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መጡ። የያዙት ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነው፤ የእኛ ሰው በኋላ ሰናድር ያለው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የቴዎድሮስ ወታደር የያዘው በአፉ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን በአፈሙዝ ታፈሳለህ፣ አረሩን ታስገባለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ፣ ከዚያ ነው የምትተኩሰው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ በቃ። ሰናድር ግን ከኋላ ተከፍቶ ያለቀለት ጥይት ይጎርሳል፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩስበታል። አሮጌ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ቴዎድሮስ በመጨረሻ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር። ትልቁ መድፍም፣ የንግሥቷ ሽጉጥም አገር አላዳኑም።

ምኒልክ ያን ጊዜ ሸዋ ሆነው ወሬውን ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ስናይ ትምህርቱ የገባቸው ይመስለናል። ትልቅና ልዩ የሆነ አንድ መሣሪያ ከመፈለግ ይልቅ፣ ተራ ወታደር ሊይዘው የሚችል፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በብዛት መሰብሰብ ጀመሩ።

ችግሩ ሸዋ ከባሕር ሩቅ ነው። በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ያሸነፉት አፄ ዮሐንስ ሬሚንግተን የተባለውን ጠመንጃ በገፍ ማርከዋል። ምኒልክ ግን መግዛት ነበረባቸው። ዕቃው ታጁራ ወይም ኦቦክ ይራገፍና በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወራት ፈጅቶ ይደርሳል። ክፍያው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ነው። ተሳስተህ የማይሆን ዕቃ ብትገዛ መልሱልኝ የምትልበት ሱቅ የለም።

ገበያው ላይ የነበሩትን እንያቸው። ሬሚንግተን አለ፤ አሠራሩ ቀላል፣ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት። የፈረንሳዩ ግራ አለ፤ እኛ ውጅግራ ያልነው፣ ወፍራም የ11 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ። የጣሊያኑ ቬተርሊ አለ፤ ጥይቱ 10.4 ሚሊሜትር። ዛሬ በብዛት የምንሰማው የሽጉጥ ጥይት 9 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የእነዚህን ውፍረት ከዚያ ገምቱት። ሦስቱም ይቀራረባሉ፣ ግን የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስልክ ስትገዙ እኮ ካሜራውን ብቻ አታዩም፤ ሲሰበር ስክሪኑ መርካቶ ይገኛል ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ለጠመንጃ ደግሞ ጥያቄው ጥይቱ ነው። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው።

እዚህ ላይ ውጅግራን ዕድል ረዳችው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ ከሠራዊቷ መውጣት ጀመረ፤ ነጋዴዎችም በርካሽ ወደ ቀይ ባሕር አመጡት። በየጊዜው አንድ አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው፤ ግን ጠንካራ ነው፣ ጥይቱም ይገኛል። እንደውም ጥይቱ አገር ውስጥ ከመብዛቱ የተነሳ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል። ለብሩ መልስ ጥይት ተቀበል እንደማለት ነው።

ምኒልክ ደግሞ ዝም ብለው የሚገዙ ሰው አልነበሩም። ማሽን ነክ ነገር ይወዳሉ፣ ፈትተው ማየት ደስ ይላቸዋል። በ1879 አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ 2 ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ መጣ። አዎ፣ ያ ዓለም የሚያውቀው ገጣሚ ነው፤ ግጥም ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር። በዚያው ሰሞን ምኒልክ ሐረርን ይዘው ግብፆች እዚያ ትተውት የሄዱት መሣሪያ እጃቸው ገብቷል፤ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ዋጋውን ሰበሩት፣ የሞተው ሸሪኩ የነበረበትን ዕዳም ከሒሳቡ ቀነሱ፣ ቀሪውን ሐረር ሄዶ ከራስ መኰንን እንዲቀበል አደረጉ። ራምቦ ከስሮ ነው የወጣው።

ትልቁ ሻጭ ግን ራሷ ጣሊያን ነበረች። ምኒልክን ከአፄ ዮሐንስ ለመነጠል ብላ በ1880 በተደረገ ስምምነት 5 ሺህ ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ቃል ገባች። በሚያዝያ 1881 ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ፤ ብድርም ተጨመረ። ከዚያ የ17ኛው አንቀጽ ጉድ ወጣ፤ ጣሊያንኛው ኢትዮጵያን በጣሊያን ጥበቃ ሥር አደረጋት። በ1882 ደግሞ አውሮፓውያን ብራስልስ ላይ ተሰብስበው መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚገድብ ውል ፈረሙ። ስለዚህ በሩ ሳይዘጋ መግዛት የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ። ምኒልክ በየካቲት 1885 የውጫሌን ውል አፈረሱ፣ የተበደሩትንም ገንዘብ መለሱ። ከጣሊያን የተገኘው መሣሪያ ግን አገር ውስጥ ቀረ።

አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር 17 ሺህ ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ ተሰለፈ። የእኛ ወደ 100 ሺህ ይጠጋል። ያሸነፈው ጠመንጃ ብቻ ነው እያልን አይደለም። ከአድዋ በፊት የመቀሌው ምሽግ እንኳ የተፈታው በመድፍ ሳይሆን፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ስለተያዘ ነው። ግን ያ ሁሉ ጀግና በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ ቢሰለፍ ኖሮ፣ አሮጌ ላይ የሆነው አድዋ ላይ ላለመደገሙ ምን ዋስትና ነበር?

አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። ይህ ጠመንጃ የተተኮሰው በጣሊያን ላይ ብቻ አይደለም። ጨለንቆ ላይ፣ አርሲ ውስጥ፣ ወላይታ ውስጥ፣ ባብዛኛው ጦርና ጋሻ በያዘ የአገር ሰው ላይም ተተኩሷል። የአንዱ ኩራት የሌላው ቁስል የሆነው ለዚህ ነው። ታሪኩን ስናወራ ሁለቱንም ማወቅ አለብን።

ምኒልክ ከረጅም ሕመም በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ አዲስ አበባ በአታ ማርያም ነው ያሉት። ከሞቱ ከ22 ዓመት በኋላ ጣሊያን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ስትመለስ፣ ከአርበኞቻችን ብዙዎቹ አሁንም ያንኑ ውጅግራ ይዘው ነበር። በ1888 ከጠላት መሣሪያ ጋር የሚመጣጠን ጠመንጃ በ1928 ያለፈበት ሆኗል። አዲስ እንዳይገዛ ደግሞ ሻጮቹ በር ዘግተዋል።

ምኒልክ በዘመናቸው ከቀረበላቸው ሁሉ የሚሆነውን መርጠው ገዝተዋል፤ አገሪቱንም አትርፏታል። ያልተፈታው ጥያቄ የሚገዛ ሰው ሁሌም ሻጩ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው ነፃ የሚሆነው የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ለጠመንጃ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለመድኃኒቱም፣ ለማዳበሪያውም፣ አሁን ይህን ለምታነቡበት ስልክም ይሠራል።