የእሑዱ ትምህርት ቤት መምህርት

ናዴዥዳ ኮንስታንቲኖቭና ክሩፕስካያ በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው የሌኒን ባለቤትና የትግል ጓድ በመሆኗ ነው። ይህ ሐሰት ባይሆንም የሕይወቷን ግማሽ እንኳ አይገልጽም። ሌኒንን ከማወቋ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አስቀድማ በፒተርስበርግ የፋብሪካ ሠፈር ጎልማሳ ወዛደሮችን ፊደል ታስቆጥር፣ ታስነብብ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ለ15 ዓመታት ከዚያው ከሕዝብ ትምህርት ሥራ አልተለየችም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጥያቄ ተከትሏታል፤ ይኸውም ቀኑን ሙሉ ሲደክም የዋለ ሠራተኛ ምን ያንብብ፣ የሚያነበውንስ ማን ይምረጥለት የሚለው ነው። ክሩፕስካያ ለዚህ ጥያቄ በወጣትነቷ በተግባር የሰጠችው መልስና ሥልጣን ከያዘች በኋላ የሰጠችው መልስ አንድ አልነበረም። ታሪኳን እንደገና መመርመር የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። (ከአንድ ቦታ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሩፕስካያ በ1869 በፒተርስበርግ ከተማ ከመኳንንት ወገን ከሆነ፣ ነገር ግን ሀብት ከሌለው ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ የጦር መኮንን ሲሆን፣ በዛሩ ግዛት ሥር በነበረችው በፖላንድ በወረዳ አስተዳዳሪነት ሲሠራ ከሥራው ተባርሮ ለፍርድ ቀረበ። ክርክሩ ለዓመታት ተጓትቶ በመጨረሻ ነፃ ቢወጣም፣ ብዙ ሳይቆይ በ1883 ሞተ። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ የቤት ለቤት ትምህርት እያስተማሩና ክፍል እያከራዩ ኖሩ። ሥርዓቱ በመሠረቱ የተበላሸ መሆኑን ልጅቷ አስቀድማ የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቷ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሥነ ጽሑፍ ጋር ያስተዋወቀቻት ሕፃናት ቲሞፌይካ እያሉ የሚጠሯት አንዲት ወጣት የገጠር መምህርት ናት። ክሩፕስካያ በ11 ዓመቷ አንድ በጋ በገጠር ስታሳልፍ፣ ይህች መምህርት የገበሬ ልጆችን በዙሪያዋ ሰብስባ የኔክራሶቭን ግጥሞች ስታነብላቸው ሰማች። ኔክራሶቭ የሩሲያን ገበሬ ሥቃይ ገበሬው ራሱ በሚያውቀው ቋንቋ የጻፈ ባለቅኔ ነው። መምህርቷ በኋላ ተይዛ ታሠረች። ግጥም ያነበበችው ሴት መታሠሯና ግጥሙ ራሱ በልጅቷ ልብ ውስጥ ተያይዘው ቀሩ።

በ1887፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለች፣ ለሌቭ ቶልስቶይ ደብዳቤ ጻፈች። ቶልስቶይ በዚያን ጊዜ ለሕዝብ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ መጻሕፍት በጥሩ ቋንቋ እንዲዘጋጁ የተማሩ ወጣቶችን ይጠይቅ ነበር። እርሷም ልርዳ ብላ ተነሣች። የደረሳት መጽሐፍ ከሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ሳይሆን፣ ከፈረንሳዊው ዱማ ልብ ወለድ ‹የሞንቴ ክሪስቶ መስፍን› ላይ በግድየለሽነት ተቆራርጦ የወጣ እትም ነበር። ከዋናው ጋር እያስተያየች የተዘበራረቀውን አቃንታ መልሳ ላከች። ሥራው ትንሽ ቢመስልም ይዞት የመጣው ትምህርት ግን ትንሽ አልነበረም፤ ሕዝቡ ከገዥዎቹ ገበታ የተረፈ እህል ብቻ ሳይሆን ከመጽሐፋቸውም የተረፈ ቁራጭ እንደሚወረወርለት በእጇ ይዛ አየችው።

በ1891 ክሩፕስካያ በኔቫ ወንዝ ዳርቻ፣ ከኔቭስካያ ዛስታቫ ማዶ በሚገኘው የፋብሪካ ሠፈር፣ በስሞሌንስካያ የእሑድና የማታ ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ማስተማር ጀመረች። በዚያም እስከ 1896 ቆየች። ትምህርት ቤቱ በአንድ የፋብሪካ ባለቤት ገንዘብ የቆመ፣ በፖሊስ ዓይን የሚጠበቅ፣ 600 ያህል ተማሪዎች የነበሩት ትልቅ ተቋም ነው። ተማሪዎቹ ከሰሚያኒኮቭ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ከቶርንተንና ከማክስዌል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ሌላም ሌላም ቦታ የሚመጡ ወንዶች ናቸው። ረጅሙን የሥራ ቀን ከማሽን ጋር ሲታገሉ ውለው በደከመ ዓይናቸው በፋኖስ ብርሃን ይማሩ ነበር።

ስለ እነዚህ ሰዎች ክሩፕስካያ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈችው ማስታወሻ የተወችው ምስል ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ የበለጠ ያስረዳል። አንዱ ተማሪ የትምባሆ ሠራተኛ ነበር። እሑድ እሑድ ሰውነቱን እስኪስት ይጠጣል፤ የትምባሆው ሽታ ሥጋውና አጥንቱ ድረስ ስለ ዘለቀው በደብተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ማረም ራስ ያዞራል። ይህ ሰው አናባቢ ፊደሎችን እየዘለለ በተንጋደደ ጽሕፈት ስለ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ጻፈ። ሕፃኒቱን በመንገድ ወድቃ አግኝተዋት፣ ከጓደኞቹ ጋር በኅብረት በሚኖሩበት ቤት አስጠግተዋታል፤ ለፖሊስ መስጠት ግድ ቢሆንም አንጀታቸው አልቻለም። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ወደ ክፍሉ መጣ። ባለፈው ዓመት ከእርሷ ፊደል የተማረው ሚኻይል ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ሞቷል፤ ሊሞት ሲል መምህርቱን አስታውሶ ሰላምታውን እንዲያደርስና ረጅም ዕድሜ እንዲመኝላት ወታደሩን አደራ ብሎታል። ዕድሜውን ሁሉ እግዚአብሔርን ሲፈልግ የኖረ አንድ ሸማኔም ነበር። እርሱም በሕማማት ሳምንት ከክፍል ጓደኛው ጋር ሲነጋገር እምነቱን እንደተወና እንደቀለለው በደስታ ጻፈ፤ የሰው ባሪያ የሆነ ሰው ሊታገል እንደሚችል፣ የአምላክ ባሪያ ግን መታገያ እንደሌለው ነበር ያስረዳው። የዚህ ሰው አሳብ ለአንባቢ ይስማማም አይስማማም፣ ልብ ሊባል የሚገባው መምህርቷ ይህን አለማስጠናቷ ነው። ሰውዬው ራሱ አሰበ፣ ራሱም ጻፈ።

በዚያ ትምህርት ቤት ምን እንደሚነበብና ምን እንደማይነበብ የሚወስነው የዛሩ መንግሥት ነበር። በ1890 በወጣው ደንብ መሠረት ነፃ የሕዝብ ንባብ ቤቶች ሊይዙ የሚችሉት የትምህርት ሚኒስቴር በመዝገብ የፈቀደላቸውን መጻሕፍት ብቻ ሲሆን፣ ይህም በአገሩ ከሚታተመው ጥቂቱ ነበር። በባለመደብ እጅ ያለ ፍርሃት የሚነበብ መጽሐፍ በወዛደር እጅ ሲገባ አደገኛ ይሆናል ማለት ነው። ቁጥጥሩ በሥነ ጽሑፍም አላበቃም። ተቆጣጣሪው አንድ ቀን መጥቶ ከፍ ያለውን ክፍል አዘጋው። ምክንያቱም ሕጉ የሚፈቅደው አራቱን የሒሳብ መደቦች ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በክፍሉ ዐሥርዮሽ ሲማሩ በመገኘታቸው ነው። አንድ ተማሪ ደግሞ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር ሲነጋገር ስለ ሥራው መክበድና መፋጠን ከምጣኔ ሀብት ሳይንስ የተወሰደ ቃል በመጠቀሙ ብቻ ከከተማ ወደ ትውልድ ቀዬው ተባረረ። አንዲት ቃል!

ሆኖም ጆሮ ጠቢ የማይገባበት ክፍል ባይኖርም ትምህርቱ አልቆመም። ክሩፕስካያ ዛራዊ አገዛዝና አድማ የተባሉትን የተከለከሉ ቃላት እስካልጠራች ድረስ፣ ዋና ዋና ጥያቄዎችን ሁሉ ማንሣት እንደሚቻል ደረሰችበት። በድብቅ የተደራጁት ሠራተኞችም ወደ ክፍሉ የሚመጡት ለፊደል ብቻ ሳይሆን፣ ማን ለኅቡእ ክበብ እንደሚበቃ አይተው ለመምረጥ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኢቫን ባቡሽኪን ነው። ከሰሚያኒኮቭ ፋብሪካ የመጣው ይህ ወዛደር በኋላ ከታወቁት የአብዮቱ አደራጆች አንዱ ሆነ፤ በጥር 1906 ከቺታ መሣሪያ ሲያጓጉዝ ተይዞ በሳይቤሪያ ባቡር ጣቢያ ያለ ፍርድ ተረሸነ። የሕይወቱን ታሪክ ራሱ ጽፎ አልፏል።

በየካቲት 1894 ክሩፕስካያ ሌኒንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በአንድ መሐንዲስ ቤት፣ የቂቤ ሳምንት ግብዣ በሚመስል ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ሰው በዚያ ስብሰባ የመሃይምነት ማጥፊያ ኮሚቴውን ሥራ ጠቃሚነት ሲያነሣ ሌኒን ሣቀ። ከዚያ በኋላ በ30 ዓመት አብሮነታቸው እንዲያ ያለ ደረቅና መራራ ሣቅ ከእርሱ እንዳልሰማች ጽፋለች። የሣቁ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሥርዓቱ ሳይነካ ፊደል ብቻ ማስቆጠር ሕዝቡን አያድንም ማለቱ ነበር። በመሠረቱ እውነት ነበረው። ነገር ግን ክሩፕስካያ እሑድ እሑድ ወደ ኔቫ ዳርቻ መሄዷን አልተወችም። ስለ ፋብሪካው ኑሮ ዝርዝር ነገር ሌኒን በጓጉት የሚጠይቀው ደግሞ እርሷን ነበር፤ ዕውቀቷም የመጣው ከትምባሆ ሠራተኛው ደብተርና ከመሰሎቹ ነው። የኅዳር 1895 የቶርንተን አድማ ሲነሣ እርሷና የሥራ ባልደረባዋ አፖሊናሪያ ያኩቦቫ እንደ ሠራተኛ ሴት ሻሽ አሥረው ወደ ፋብሪካው መኖሪያ ገቡ፤ የኑሮውን አስከፊነትም በዓይናቸው አዩ።

በነሐሴ 1896 ተይዛ ታሠረች፤ በኋላም ለግዞት ተፈረደባት። በ1898 ሌኒን ወዳለበት ወደ ሹሼንስኮዬ ስትሄድ የፑሽኪንን፣ የሌርሞንቶቭንና የኔክራሶቭን ሥራዎች ይዛ ሄደች። ሌኒን በአልጋው አጠገብ ከሄግል ጎን ደርድሯቸው ማታ ማታ ደጋግሞ ያነብ ነበር፤ ከሁሉም የሚወደው ፑሽኪንን ነው። ሁለቱ በዚያው ዓመት ተጋቡ። ከዚያ የተከተለው የስደት ዘመን፣ ‹ኢስክራ› ጋዜጣና በምስጢር ቀለም የሚጻፉት ደብዳቤዎች በሌላ ቦታ በሰፊው ስለተነገሩ እዚህ አንዘረዝርም።

በ1917 አብዮት ሲፈነዳ፣ ከ20 ዓመት በፊት በተደረገው ቆጠራ መሠረት ማንበብ የሚችለው የሩሲያ ግዛት ሕዝብ ከመቶ 21 ያህል ብቻ ነበር። ክሩፕስካያ በትምህርት ኮሚሳርያት ውስጥ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ትምህርት እንድትመራ ተመደበች። በታኅሣሥ 26 ቀን 1919 የወጣው አዋጅ ዕድሜው ከ8 እስከ 50 ዓመት የሆነ መሃይም ሁሉ፣ በሩሲያኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንደ ምርጫው፣ እንዲማር አዘዘ። ከአንቀጾቹ ሁሉ ሠራተኛውን የሚነካው፣ የሚማር ሰው በትምህርቱ ዘመን ደመወዙ ሳይጎድል የሥራ ሰዓቱ በቀን በሁለት ሰዓት እንዲቀነስለት የደነገገው ነው። ለሚጦም ሰው ምግብ፣ ለሚማርም ጊዜ እንደሚያስፈልገው የተገነዘበ ሕግ ነበር። በ1919 የበጋ ወራት እርሷ ራሷ ‹ቀይ ኮከብ› በተባለው የቅስቀሳ መርከብ በቮልጋና በካማ ወንዞች ተጓዘች።

ጎልማሳን በሕፃን መጽሐፍ ማስተማር ንቀት ነው ብላ ታምን ነበር። በዚያው ዓመት ለጎልማሶች የተለየ የፊደል መጽሐፍ መታተሙ የዚህ እምነት ውጤት ነው። በአገራችን ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየቀበሌው ጣቢያ ያስተማሩ ሁሉ ነገሩን ያውቁታል፤ ልጅ ያሳደገ ሰው እንደ ልጅ ሲያናግሩት ደብተሩን አጥፎ ይነሣል።

በየካቲት 1921 ክሩፕስካያና ሌኒን በሞስኮ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን መኖሪያ ሲጎበኙ፣ ፑሽኪንን ታነባላችሁን ተብለው የተጠየቁት ወጣቶች ፑሽኪን የከበርቴ ዘመን ሰው ነው፣ እኛ የማያኮቭስኪ ነን የሚል መልስ ሰጡ። ጎብኚዎቹ አልተቆጡም። ጥንታዊው ሥነ ጽሑፍ የማን ንብረት ነው የሚለው ክርክር ግን በዚያ አላበቃም።

ይህ የታሪኩ አስቸጋሪ ክፍል ነው። ክሩፕስካያ ከ1920 ጀምሮ የፖለቲካ ትምህርት ዋና ጽሕፈት ቤትን ስትመራ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚወገዱ መጻሕፍትን የሚመለከቱ መመሪያዎች በእርሷ ፊርማ ወጡ። ከሚወገዱት መካከል ፕላቶን፣ ካንትና የቶልስቶይ የሃይማኖት ጽሑፎች ነበሩ። በ18 ዓመቷ ልርዳህ ብላ የጻፈችለት ያው ቶልስቶይ! በውጭ አገር የነበረው ማክሲም ጎርኪ ዜናውን በሰማ ጊዜ የሶቪየት ዜግነቱን እስከ መተው አስቦ ነበር። ክሩፕስካያ በ1924 በ‹ፕራቭዳ› ላይ ዝርዝሩ ጉድለት እንደነበረበት ብታምንም፣ የማጣራቱን አሳብ ግን አልተወችም። በየካቲት 1928 በዚያው ጋዜጣ የቹኮቭስኪን የልጆች ግጥም ‹አዞ› አጥብቃ ነቀፈች፤ ከቅሬታዋ አንዱ ግጥሙ በኔክራሶቭ ያፌዛል የሚል ነበር። ቹኮቭስኪ የኔክራሶቭን ሥራዎች ሲያጠናና ሲያሳትም የኖረ ምሁር ነው፤ ጎርኪም ይህንኑ ጠቅሶ በአደባባይ ተከራከረለት። የልጅነት ፍቅሯን የነኩባት መስሏት ይሆናል። ሆኖም የግለሰብ ቅሬታ ከሥልጣን ወንበር ሲነገር ትእዛዝ ይሆናል።

ለዚህ ተግባሯ አዲሱ ሥርዓት በጠላት የተከበበ መሆኑን፣ የገጠር ንባብ ቤቶችም የዛር ዘመን ፕሮፓጋንዳና የርካሽ ታሪኮች ማከማቻ መሆናቸውን በምክንያትነት የሚያቀርቡ አሉ። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዐሥርዮሽ የከለከለውም ተቆጣጣሪ የሕዝቡን ደኅንነት እጠብቃለሁ ይል ነበር፤ የኔቫው ሸማኔም አሳቡ ላይ የደረሰው ማንም መጽሐፍ ስላልደበቀለት ነው።

ባለቤቷ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት በጥር 1924 የጃክ ለንደንን ታሪክ ያነበበችለት እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ በ1925 ከስታሊን ተቃዋሚዎች ጎን ቆመች፤ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ከ1929 ጀምሮ ምክትል የትምህርት ኮሚሳር ሆና ስትሠራ፣ የቀድሞ ጓዶቿ አንድ በአንድ ሲታሠሩና ሲረሸኑ በወንበሯ ቆየች። በየቀኑ ከመላ አገሪቱ የሚጎርፉላትን ደብዳቤዎች ግን መመለስ አላቆመችም።

በጥር 1939 የሶቪየት ኅብረት የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። በይፋ እንደተገለጸው ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 49 ከሆኑት ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 87 ደርሰው ነበር። ክሩፕስካያ ውጤቱን አልሰማችም። 70ኛ ዓመት ልደቷ በዋለ በማግስቱ፣ በየካቲት 27 ቀን 1939 አረፈች፤ አመዷም በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። ስለ ትምህርት የጻፈችው ተሰብስቦ በ11 ቅጽ መታተም የጀመረው ከ18 ዓመት በኋላ በ1957 ነው።