ከመቅደላ አምባ እስከ መጀመሪያዋ መኪና፦ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የክረምት መንገድ

ሰኔ ሲገባ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአምባ ፈሪት ተራራ ጉም ይወርዳል፤ ጅረቶች ይሞላሉ፤ በጋውን ሙሉ ተሰነጣጥቆ የከረመው ዋልካ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እግርም ጎማም ይይዛል። ከመካነ ሰላም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያስገቡ ጥርጊያ መንገዶች በእንዲህ ያለው ወቅት የሚፈትኑት የመኪናውን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱንም ምርጫ ይፈትናሉ። ኢትዮጵያን ከአውቶሞቢል ጋር ያስተዋወቁት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ደጋ በሁለት መልኩ ያውቁታል። ገና በልጅነታቸው ምርኮኛ ሆነው ኖረውበታል፤ ከዚያም ንጉሥ ሆነው ሠራዊት ከትተውበታል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር ዘመቱ። ኃይለ መለኮት በኅዳር 1848 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ፤ ልጃቸውም ተማርከው ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ የነበራቸው ማደሪያ መቅደላ ሆነ። መቅደላ በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ከበሽሎ ወንዝ ሸለቆ በላይ የቆመ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛውን ልዑል እንደ እስረኛ ብቻ አላዩአቸውም። እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው። ሆኖም የአባት ዙፋን ከልብ አይጠፋም። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ክረምቱ እየገባ ሳለ፣ ምኒልክ በሌሊት ከአምባው ወርደው አመለጡ። ወቅቱ ለመንገደኛ የሚመች አልነበረም። ወንዝ በሚሞላበት፣ ዳገትና ቁልቁለቱ በሚያዳልጥበት ወራት ከመቅደላ እስከ ሸዋ መጓዝ ሕይወትን አሲዞ መሄድ ነበር።

ያን ጊዜ ሕይወታቸው በአንዲት የወሎ ሴት እጅ ወደቀ። የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ታስሮ ነበር። ስደተኛውን ልዑል አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ማትረፍ ይችሉ እንደሆነ ማሰባቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ ምኒልክን ወደ ሸዋ አሻገሯቸው። የወርቂት ልጅም የቴዎድሮስ ቁጣ ወርዶበት ሕይወቱን አጣ። የኋለኛው ንጉሠ ነገሥት የሸዋን አልጋ የያዙት በዚህ የወሎ እናት ዕዳ ነው።

ከዚያ ሽሽት ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ደጋ ከባድ ጎማ አየ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተውን ሴባስቶፖል መድፍ በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። የተነሡት ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር፤ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያ ጉዞ ያለቀው ድንጋይ በመፈንቀል፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል በመቆፈርና በሰው ጉልበት በመጎተት ነው። ጎማ መንገድ ካላገኘ ሸክም እንደሚሆን ወሎ ያኔ ተመለከተ። ያን የመሰለ ጭነት በሐምሌ ጭቃ ላይ ማንቀሳቀስ ደግሞ የማይታሰብ ነበር።

ምኒልክ በሸዋ ከነገሡ በኋላ ፊታቸውን ደጋግመው ወደ ወሎ መልሰዋል። ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ የምትገኘውን ወረኢሉን የጦር ከተማ አድርገው ቆረቆሯት። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር ተገኙ። የወሎው ገዢ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁም የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የወቅትንና የመንገድን ነገር ምን ያህል ያውቁ እንደነበር የዓድዋ ዘመቻ ይመሰክራል። የክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ መሬቱ መጠንከር ሲጀምር። የሸዋው ጦር በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ታዘዘ። ስንቅ የያዘ በቅሎና አህያ፣ መድፍ የተሸከመ አጋሰስ፣ እግረኛና ፈረሰኛ ሁሉ የወሎን ደጋ አቋርጦ ወደ ሰሜን የተመመው በደረቅ መሬት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ለተገኘው ድል ይህ የጊዜ ምርጫ የራሱ ድርሻ ነበረው።

አባ ዳኛው በሚል የፈረስ ስም የሚታወቁት ምኒልክ እንደ ዘመናቸው ሰው ሁሉ ለየመንገዱ የሚሆነውን ከብት ይለዩ ነበር። ፈረስ ለሜዳና ለጦርነት፣ በቅሎ ለገደልና ለረጅም ጉዞ፣ አህያ ለጭነት። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ አራቱንም እግሮቿን እየለየች ትረግጣለች፤ አንዱ ቢያዳልጣት ሦስቱ ይይዟታል። ይህን የደጋ ሰው ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ከዓድዋ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዐይናቸውን በማሽን ላይ ጣሉ። የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ቀደም ብሎ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ተሰጥቶ ነበር፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ ተሠራ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ማሽን ወደ ዋና ከተማዋ አስመጣ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ጠራው። ስልክ፣ ባንክና የሚኒስትሮች ሹመትም በተከታታይ መጡ።

በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ በጅቡቲ በኩል ገባ። የአዋሽን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ናኬ የተባለች ሌላ መኪና አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪናዋ ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሯት። አብዛኛው ሰው ከበቅሎ ሌላ መጓጓዣ በማያውቅበት ከተማ፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ንጉሥ ያለ ከብት የሚሄድ ነገር ላይ መቀመጣቸው ትልቅ ወሬ ነበር።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን መኪና ለኢትዮጵያ ክረምት የተሠራ አልነበረም። በጊዜው የነበሩት መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞተራቸውን ኃይል የሚያስተላልፉት ወደ ኋላ ሁለት ጎማዎች ብቻ ነው። ጎማቸውም ቀጭን ነበር። አንደኛው የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መሽከርከር ሲጀምር ዲፍረንሻሉ እንቅስቃሴውን ወደሚንሸራተተው ጎማ ያደላዋል፤ ጠንካራ መሬት የያዘው ሌላው ጎማ ይቆማል። የፊት ጎማዎች ደግሞ ከመገፋት በቀር ሥራ የላቸውም። ነጂው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር መኪናው የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል።

መፍትሔው በዓለም ላይ ያልታሰበ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 በአምስተርዳም የሚኖሩት የስፓይከር ወንድማማቾች ፋብሪካ ባለ ስድስት ሲሊንደር የእሽቅድምድም መኪና ሠርቶ ነበር። ያቺ መኪና ኃይሏን ለአራቱም ጎማዎች ታከፋፍላለች፤ ፍሬኗም አራቱንም ይይዛል። እንደ በቅሎዋ ሁሉ፣ አንዱ ጎማ ቢያዳልጥ ሌሎቹ መሬት ይዘው ይጎትታሉ። እንዲህ ያለው አሠራር ወደ ምኒልክ ግቢ አልደረሰም። በእሽቅድምድም መኪና ዓለም እንኳ ስሙ የገነነው የጀርመኑ አውዲ ኳትሮ የተባለ ሞዴሉን በ1980 አውጥቶ በረዶ በለበሱ የውድድር መንገዶች ላይ ሌሎችን መቅደም ከጀመረ ወዲህ ነው።

በአውሮፓ ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ በወሎ ግን ዝናብና ጭቃ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የሚመረጠው መኪና ለሌላው ላይሆን ይችላል። ለተጠረገ የበረዶ አስፋልት የተሠራ የስፖርት መኪና በአራት ጎማ ቢነዳም ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው። ከባድ መኪና ባሰመረው የጭቃ ቦይ ውስጥ ሲገባ ሆዱ ይቀመጥና ጎማዎቹ በአየር ላይ ይሽከረከራሉ። ያን ጊዜ የሞተሩ ጉልበት አይረዳውም። ለደጋው ክረምት ከፍጥነት ይልቅ ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ፦ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ ለዳገትና ለቁልቁለት የሚሆን ከባድ ማርሽ። በተለምዶ ፎር ዊል የሚባለው አሠራር የሚጠቅመው እነዚህ ሲሟሉ ነው። ፎር ዊል ከጭቃ ለመውጣት ያግዛል እንጂ ለመቆም አያግዝም። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሚያድነው የነጂው ጥንቃቄ፣ ጥሩ ፍሬንና ሞተሩን እንደ ፍሬን የሚያሠራው ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

ምኒልክ መኪናን በሚገባ ሊጠቀሙበት ዕድሜ አልሰጣቸውም። ማሽኗ አዲስ አበባ በደረሰችበት ዘመን ጤናቸው መታወክ ጀምሮ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ ጸንቶ ከመንግሥት ሥራ አራቃቸው። ወራሻቸው የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋና የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዜና ዕረፍታቸው ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ፤ አጽማቸው በኋላ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል። የጀመሩት ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዋና ከተማዋ ወደ ደሴ የሚያመጣው የመኪና መንገድ ደግሞ ከዚያም ብዙ ዓመት ዘገየ።

ከደሴ ወደ ምዕራብ ለሚዘረጋው ደጋ ተራው ይበልጥ ራቀ። ለለጋምቦ፣ ለከላላ፣ ለወግዲ፣ ለሳይንትና ለቦረና ገበሬ የክረምት መንገድ የክብር ወይም የመዝናኛ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ ካልደረሰ ማሳው አይጠብቅም። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ መኪናው የት ላይ እንደተያዘ የሚያስጨንቀው መንደሩን ሁሉ ነው። አንድ ቦይ መጥረግ፣ አንድ የመንገድ ዳር ፍሳሽ ማስወጫ በግንቦት መክፈት፣ በሐምሌ አንድን መኪና ከነጭነቱ ያድናል።

ምኒልክ በሽሽት ዘመናቸው የወሎን ክረምት በእግራቸው አዩት፤ በዘመቻ ዘመናቸው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው አለፉት፤ በመጨረሻ ዘመናቸው ደግሞ ማሽኑን ከባሕር ማዶ አስገቡ። ማሽኑ ክረምትን የሚያልፍበት መንገድ ግን በእርሳቸው ዕድሜ አልተሠራም፤ ለተከታዮቹ ትውልዶች የተላለፈ ሥራ ነው። በዋልካው ላይ የሚጣለው ድንጋይ፣ በጅረቱ ላይ የሚዘረጋው ድልድይና በየዓመቱ የሚጠረገው ቦይ ዛሬም የዚያ ሥራ ክፍል ናቸው።