የወረቀትን ልክ ያሰበው ሊቅ

በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን የተላከልንን ጽሑፍ እዚህ በመቀሌ ስናሳትም፣ አንዳንድ ጊዜ ዳርና ዳሩ ይቆረጣል። ምክንያቱ የወረቀቱ ልክ መለያየት ነው። በአገራችን የሚሠራበት ኤ4 ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካው ሌተር ወርዱ 216፣ ቁመቱ 279 ነው። የኛው ወረቀት ልክ የተመሠረተበትን አሳብ አስቀድሞ በጽሑፍ የገለጸው፣ ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊክተንበርግ ነው።

ሊክተንበርግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1742 ዓ.ም. (የሚከተሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በዳርምሽታት አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበር፤ እሱም 17ኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀርባው ስለ ጎበጠ በዕድሜው ሙሉ ተሠቃየ። አባቱም በልጅነቱ ሞተበት። እናቱ የምታስተምርበት ገንዘብ ስላልነበራት ለአገሩ መስፍን አመልክታ ርዳታ አስገኘችለት፤ በ1763 ዓ.ም. ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በኋላም በዚያው የታወቀ የፊዚክስ መምህር ሆነ።

በ1777 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ባደረበት ሰሌዳ ላይ ብናኝ ሲያርፍ ኮከብ የመሰለ ሥዕል እንደሚሠራ አየ፤ ሥዕሉንም ወረቀት ተጭኖ አነሣው። ዛሬ የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ቀለሙን በወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ብናኝ በኤሌክትሪክ እየተሳበ በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው።

በጥቅምት 1786 ዓ.ም. ደግሞ ለዮሐን ቤክማን በጻፈው ደብዳቤ፣ ለአንድ ተማሪ ስለ ሰጠው የሒሳብ ጥያቄ አወሳ። ጥያቄው ቢታጠፍም መልኩ የማይለወጥ ወረቀት እንዲገኝ ነው። መልሱም ቁመቱ የወርዱን 1.414 እጥፍ ያህል የሆነ ወረቀት ነው። ኤ3 እኩል ሲታጠፍ ኤ4 የሚሆነው፣ ሁለት ገጽም አሳንሰን በአንድ ወረቀት ስናባዛ ትርፍ ባዶ ቦታ የማይቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሌተር ግን ሲታጠፍ መልኩ ይለወጣል።

ሊክተንበርግ በ1799 ዓ.ም. ሞተ። ጀርመን ይህን ልክ ደንብ ያደረገችው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ዓለም አቀፍ ደንብ የሆነውም በ1975 ዓ.ም. ነው። አሜሪካና ካናዳ ግን በሌተር ይሠራሉ።

ከመካከላችን አባቱን አጥቶ በእናቱ ልፋት የሚማር አለ፤ በአካሉ ጉዳት የሚያፍርም ይኖራል። የዚህ ሰው ጀርባ አልቀናም፤ አሳቡ ግን ዛሬ በየደብተራችንና በየፈተናችን ወረቀት ላይ አለ። ስለዚህ የጓደኛችንን ጥያቄ ትንሽ ነው ብለን አንናቅ፤ የራሳችንንም ሳንጽፈው አንለፍ።