ዘር ቆጠራና ሐዲስ ዓለማየሁ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከአዘና ተነሥታችሁ ወደ እንጅባራ ብትወጡ፣ ከዚያም የደብረ ማርቆስን መንገድ ይዛችሁ ቲሊሊንና ቡሬን ብታልፉ፣ ፍኖተ ሰላም ከመድረሳችሁ በፊት ማንኩሳ የምትባል አነስተኛ ከተማ ታገኛላችሁ። ማንኩሳ ለመንገደኛ ብዙ የምታሳየው ነገር የላትም። ይሁን እንጂ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ከተጠቀሱት የገጠር ስፍራዎች መካከል የእርሷን ያህል ስሙ የታወቀ ለማግኘት ያስቸግራል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልቦለድ ዋና ባለታሪክ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነውና። ስለዚህ የዚህን ልቦለድ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ስታነቡ ስለ ሩቅ አገርና ስለማያገባችሁ ጉዳይ የምታነቡ እንዳይመስላችሁ። ደራሲው የእናንተው አገር ሰው ናቸው፤ የጻፉትም ነገር ከደጃችሁ የራቀ አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ካህን ነበሩ፤ እርሳቸው ግን በሕፃንነታቸው ያደጉት ከእናታቸው ዘንድ ነው። በዚያ ዘመን አንድ እንግዳ ሰው ወደ አንድ ቤት ሲመጣ ከስሙ ይልቅ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነበር። መልሱ ከታወቀ በኋላ ከማዕድ በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ልጁንም ለማን ሊድር እንደሚችል ሌላ ጥያቄ ሳያስፈልግ ይታወቅ ነበር። ከላይ መኳንንቱና ባለጉልቱ አሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ርስት ያለው ገበሬ፤ ከዚያ በታች ርስት የሌለውና በሰው መሬት የሚያርሰው፤ ከሁሉም በታች በባርነት የተያዘው። ባለ እጁ፣ ማለትም ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ፣ ማረሻውና እንስራው ከቤት ሳይጠፋ፣ ራሳቸው ግን ቡዳ እየተባሉ ከሰው ተራ ይወጡ ነበር። ሐዲስ ከመወለዳቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው እየሰደበ የሚያዋርድ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ጋብቻውን ግን ማንም በዐዋጅ ሊያዝ አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። በእኛ አገር ከመጋባት በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ዳሩ ግን ቆጠራው አንድ ጊዜ ከተጀመረ ዝምድናን ብቻ ፈልጎ አይመለስም፤ ከአያት ቅድመ አያት መካከል ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ እንዳለም አብሮ ይፈትሻል።

ሐዲስ ትምህርታቸውን የጀመሩት እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ተማሩ። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ይለምናል፤ ማታ ደግሞ ቅኔውን ወይም ዜማውን ሲያጠና ያመሻል። በቅኔ ቤት የሀብታሙም የድሃውም ልጅ እኩል ይለምናል፤ በቅኔ የበለጠውም አባቱ ማንም ይሁን ማን ይከበራል። ይህ ማለት ግን ትምህርት ሰውን ከዘር ቆጠራ በላይ ያደርገው ነበር ማለት አይደለም። የተማረው ሰው በመኳንንቱ ቤት ተጋብዞ፣ ምንጣፍ ተነጥፎለትና ተመስግኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ የቤቱን ልጅ ለጋብቻ ያሰበ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ክብር ባንድ ቀን ይረሳና የማን ልጅ እንደ ሆነ ይታወሳል። ሐዲስ ከብዙ ዓመታት በኋላ የልቦለዳቸውን ምሰሶ የተከሉት በዚችው ጠባብ ስፍራ ላይ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። በወጣትነታቸው ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተሰኘ ተውኔት ነው። ከርእሱ እንደምትረዱት፣ ገና በዚያ ዕድሜያቸው የአገራቸውን ችግር የሚያስቡት በጋብቻ አምሳል ነበር። ወደ ጎጃም ተመልሰውም በዳንግላ የጉምሩክ ጸሐፊ ሆነው ሠሩ፤ ቀጥሎም በደብረ ማርቆስ መምህርና የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ጉምሩክ ቤት ማለት ነጋዴው፣ ጫኙ፣ ገበሬውና የሹሙ ሎሌ ሁሉ የሚያልፉበት በር ነው፤ የሰውን አኗኗር ለሚመለከት ወጣት ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ መኖሩ ያጠራጥራል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ሐዲስ የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። የራስ እምሩ ጦር በሽሬ ግንባር ከተዋጋ በኋላ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ በመጨረሻም በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቀጥሎ፣ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት እጅ ወደቀ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶችም ታሰሩ። ከእስር የወጡት የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር በ1935 ዓ.ም. ሲሲሊን በያዘ ጊዜ ነው። የዘመቻውንና የምርኮውን ነገር በስተርጅና ዘመናቸው «ትዝታ» በተባለው መጽሐፍ በሰፊው ጽፈውታል፤ ከቤተ መጻሕፍታችሁ ብታገኙት አንብቡት። እኛ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ እናስተውላለን። እነ ሐዲስ በተማረኩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ መንግሥት አንድ ኢጣሊያዊ ከቅኝ ግዛቱ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አወጣ። በአገራቸው አጥንት ሲቆጠር አይተው ያደጉት ሰው፣ ያው ቆጠራ በመንግሥት ማኅተም ተረጋግጦ ሕዝብን ሁሉ የሚያዋርድ ሕግ ሲሆን በእስረኝነት ዘመናቸው ተመለከቱ ማለት ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ያለው የሥራ ዘመናቸው ረጅም ነው፤ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገለገሉ፤ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኢትዮጵያን ወክለው ሠሩ፤ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር ሆኑ፤ የትምህርት ሚኒስትርነትንና የፕላንና ልማት ሚኒስትርነትንም ሥልጣን ይዘዋል። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ልብ በሉ፤ ባለጉልቱንና መኳንንቱን የሚወቅሰው ይህ ልቦለድ የወጣው ባለጉልቱ ገና ባለጉልት በነበረበት፣ ደራሲውም ራሳቸው በዚያው መንግሥት ውስጥ ከከፍተኛ ባለሥልጣኖች አንዱ በነበሩበት ጊዜ ነው።

የልቦለዱን ፍሬ ነገር ባጭሩ እንመልከት። ፊታውራሪ መሸሻ በዲማ የሚኖሩ ታላቅ ባላባት ናቸው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲፈልጉና የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቱ የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። በዚህ መካከል ከማንኩሳ ገበሬ የተወለደውና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጠቀው በዛብህ መምህሯ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ሁለቱ ይዋደዳሉ። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ በመሆኑ እንዳያገባ የታሰረበት ስለትም አለ፤ ይሁን እንጂ ከስለቱ የበለጠ የሚያስፈራው የፊታውራሪው ቁጣ ነው። ነገሩ ሲገለጥ ነፍሱን ለማትረፍ ይሸሻል፤ ሰብለም በኋላ መናኝ መስላ በእግሯ ልትፈልገው ትወጣለች፤ ስትደርስበት ግን ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ከፊታውራሪው ወገን ተወልዶ ይህን ሥርዓት ሁሉ የሚነቅፈው ካሣ ደግሞ ከዘመዶቹ ያተረፈው ጉዱ የሚል ቅጽል ስም ብቻ ነው። በመጨረሻ ሦስቱም የሚገናኙት በአንድ መቃብር ውስጥ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ክፉ አውሬ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ መጽሐፉን በሚገባ አላነበበም። ፊታውራሪው ልጃቸውን ይወዳሉ። የሚጎዷት በጥላቻ አይደለም፤ የሚያገባት ሰው ከእርሷ ያነሰ እንዳይሆን ስለሚሳሱላት ነው። በራሳቸው ሚዛን ቢመዘኑ ጥሩ አባት ናቸው፤ የተበላሸው ሚዛኑ ነው። ዘር ቆጠራን ለማጥፋት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ከቤት ውስጥ የሚኖረው የክፋትን ልብስ ለብሶ ሳይሆን የወላጅን አሳቢነት ለብሶ ነውና። ደራሲው ከሕግና ከሹመት ሊደበቅ የሚችለውን ይህን ነገር ያገኙት ከመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ከእናትና ከአባት ምክር መካከል ነው።

የዚህ ምንባብ አዘጋጅ ልቦለዱን በአዊ ምድር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል የገበሬ ልጆች ስለ ነበሩ ሁሉም በበዛብህ ወገን ይቆሙ ነበር፤ መምህሩም በዚህ ደስ ይለው ነበር። አንድ ቀን ግን ትምህርቱን ከኑሮ ጋር ለማገናኘት ብሎ፣ የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ ለማግባት የሚፈቅድ እጁን እንዲያወጣ ክፍሉን ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም፤ እንዲያውም ከኋላ ያሉት ሳቁ። በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ልጅ ግን አንገቷን ደፍታ እስክሪብቶዋን ስትፈታና ስትገጥም አያት። እናቷ በገበያ ቀን ጀበናና ምጣድ እንደምትሸጥ ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው መምህሩ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያንን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ጠይቆ አያውቅም፤ ልጅቱን በዚያ ዕለት ይቅርታ ሳይጠይቃት መቅረቱ ግን እስካሁን ይጸጽተዋል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛብህ የገበሬ ልጅ ነው፤ ገበሬው ራሱ የሚንቃቸው ሰዎች ግን በልቦለዱ መካከል አይቆሙም። ስለዚህ የገበሬ ልጅ የሆነ አንባቢ መጽሐፉን የተበደለው እኔ ነኝ እያለ ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው ይችላል። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ልቦለድ ሁሉን ሊይዝ አይችልም፤ የቀረውን ማየት የአንባቢው ፈንታ ነው። በአዘና ገበያ እንስራ ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩታችሁ፣ ድምፁን አዳምጣችሁ፣ ስንጥቅ አለመኖሩን አይታችሁ ነው። የሠራችው ሴት ልጅ ለወንድማችሁ ብትታጭ ግን ስለ ልጅቱ ጠባይና ሙያ አስቀድማችሁ ትጠይቁ ይሆን? ገበሬው በፊታውራሪው ዘንድ በዛብህ ነው፤ በሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ግን እርሱ ራሱ ፊታውራሪ መሸሻ ሊሆን ይችላል።

በልቦለዱ ውስጥ ገበሬዎች ያለ ልማዱ በተጣለባቸው ግብር ተቈጥተው፣ አበጀ በለው የተባለውን ሰው መሪ አድርገው፣ በጌታቸው ላይ ይነሣሉ፤ ፊታውራሪውንም ይማርካሉ። መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በእውን ዐመፁ። ልቦለዱ ዐመፁን አስነሣ ማለት ግን አይቻልም፤ ከዐመፁት ብዙዎቹ ማንበብ የሚችሉ አልነበሩምና። ደራሲው አገራቸውን ምን ያህል ያውቁ እንደ ነበር ግን ይመሰክራል። ጉልትና ጭሰኝነት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀሩ። የፊታውራሪው መሬት በአንድ ዐዋጅ ተወሰደ፤ የፊታውራሪው ጥያቄ ግን ከዐዋጁ በኋላም በየሽምግልናው ሲጠየቅ ኖሯል።

በ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ሐዲስ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ታጭተው አልቀበልም ማለታቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጊዜያቸውን የሰጡት ለብዕራቸው ነው፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተነበበ ጊዜ ፊደል ወዳልቈጠረው ሰው ቤት ገባ። ያን ጊዜ የማንኩሳውን በዛብህን ታሪክ፣ ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ የሚመክሩ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ባንድ ላይ ተቀምጠው ሰሙት።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። መምህር በነበሩባት በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ዛሬ በስማቸው የተጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለ።