ወደ ክራሩ የተመለሱት ሙዚቀኛ፦ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ካርቱም የኖርን ኢትዮጵያውያን ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። በሠርግ ቤትም ሆነ በራዲዮ የሱዳን ጠምቡር ሲመታ፣ ግጥሙ ባይገባን እንኳ ዜማው ባዕድ አይሆንብንም። መሣሪያውንም ቀረብ ብለን ስናየው ክራራችን ነው፤ ያው ጎድጓዳ ገበቴ፣ ያው ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ጋድም፣ ከዚያም አውታሮቹ። ክራርን የዚህ ሰፊ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ አባል አድርገው በምሁር ዓይን ከጻፉት አንዱ የእኛው ሰው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ልናስታውሳቸው የወደድነውም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሸናፊ በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ አጠኑ፤ በ1962ም ተመረቁ። ወደ አገራቸው እንደተመለሱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው ከ1963 እስከ 1968 ሠሩ።

ያን ዘመን ማሰብ ያስፈልጋል። በከተማው ዘመናዊ ሙዚቃ ማለት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ጡሩምባና ሳክስፎን ነበር። አዝማሪ በየድግሱ ይጠራል፣ ይሸለማል፤ ልጄን ላስተምር የሚል ወላጅ ግን ልጁ አዝማሪ እንዲባል አይፈልግም። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ በዐቢይ ጾም በታላላቆች እጅ ሲከበር፣ ክራር የጠጅ ቤትና የፍቅር ዘፈን ጓደኛ በመሆኑ የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበር። (በሱዳንም ጠምቡራ የዛር ሥርዓት መሣሪያ መሆኑን ስናስብ፣ ዝምድናው በቅርጽ ብቻ አለመሆኑ ያስገርማል።) ከውጭ ዲግሪ ይዞ ለተመለሰ ወጣት ክራርን ከነስሙ ትቶ በቫዮሊኑ መቀጠል ቀላሉ መንገድ ነበር።

እርሳቸው ግን ሌላ መንገድ ያዙ። በ1967 ሀንጋሪ ሄደው የአገሪቱን ኦርኬስትራ ሲመሩ ካሰሟቸው የራሳቸው ድርሰቶች አንዱ «እረኛው ባለ ዋሽንት» ነበር። ከሸምበቆ ተቆርጦ ጥቂት ቀዳዳ የተበጀለት፣ ከብት ጠባቂ ልጅ በሜዳ የሚነፋው ዋሽንት የትልቅ ኦርኬስትራ ርዕስ ሆነ ማለት ነው። ቦታውም የተገባ ነበር። ባርቶክና ኮዳይ የሀንጋሪን ገበሬዎች ዘፈን በየመንደሩ ዞረው የሰበሰቡ፣ ከዚያም ድርሰታቸውን በእርሱ ላይ የሠሩ ሰዎች ናቸው። አሸናፊም ጥቁሩ ኮዳይ ተብለዋል፤ እኛ ግን ቅጽል ባይጨመርበትም ስማቸው ይበቃቸዋል እንላለን።

የሚያስገርመው የአገራቸውን ሙዚቃ ጠለቅ ብለው ለማጥናት እንደገና ወደ አሜሪካ መሄዳቸው ነው። በኮኔቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ሙዚቃ አጥንተው በ1971 ዶክተር ሆኑ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሙዚቀኛው በጆሮው ብቻ የሚያውቃቸው ሆነው እንዳይቀሩ፣ የቅኝታቸውን አሠራር በጽሑፍ አስረዱ። አንድ ኦክታቭ አምስት ድምፅ ብቻ በሚይዝበት ዜማ የጃፓንና የኢትዮጵያ ሙዚቃ እንደሚቀራረቡ ከሰሙት መካከል ናቸውና «ኮቱሬዥያ» የተባለውን ድርሰታቸውን ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለተባለው የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ ጻፉ። በ1977 ደግሞ ያንኑ የተናቀውን ክራር፣ ከነሰይጣን ስሙ፣ በታወቀ የሙዚቃ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡት።

ይህን ሁሉ ሲጽፉ ኑሯቸው በስደት ነበር። በኒውዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥር መጽሐፍ አሳተሙ። ከአገር ርቆ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። በየቤታችን ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናያለን፤ ያምራልም። ልጁ ግን ኪቦርድ ነው የሚማረው። የኪቦርዱ ቁልፎች ደግሞ በፋብሪካ ልክ የተቆረጡ ናቸው፤ ክራር መቺው በጆሮው እያጠበቀና እያላላ የሚያገኘውን አንቺሆዬ በትክክል አይሰጡትም። አሸናፊ የግድግዳውን ክራር አውርደው የቃኙ ሰው ነበሩ፤ ያውም ኪቦርዱን ሳይጠሉ።

በ1998 በ60 ዓመታቸው ፍሎሪዳ ውስጥ አረፉ። የመሠረቱት ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገብቷል፤ በዚያም ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ትምህርት ሆነው ይሰጣሉ።