ውኃ ቀጂው መነኩሴ፦ የአባ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

በአራተኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ አስቄጥስ በተባለው የመነኮሳት መኖሪያ፣ አረጋውያን አባቶች ማለዳ ከበዓታቸው ብቅ ሲሉ ማታ ባዶውን የተዉትን እንስራ ሞልቶ ያገኙት ነበር። ውኃው ቅርብ አልነበረም። ከአንዳንዱ በዓት ግማሽ ማይል፣ ከሌላው ሁለት፣ ከሩቆቹ ደግሞ አምስት ማይል ያስኬዳል። በጨለማ እንስራዎቹን ሰብስበው፣ ቀድተው፣ ማንም ሳያያቸው በየደጁ የሚመልሱት አባ ሙሴ ነበሩ፤ ቀድሞ በዘረፋ ይታወቁ የነበሩ የሽፍታ አለቃ።

ይህን የምናውቀው በዋናነት ከጳላድዮስ ነው። እ.አ.አ. በ390ዎቹ ከግብፅ መነኮሳት ጋር የኖረው ይህ ጸሐፊ፣ በ420 ገደማ ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ሙሴ በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ በመልክ ጥቁር እንደነበሩ ጽፏል። ጸሊም የሚለው የግእዝ ቃልም ጥቁር ማለት ነው። እርግጥ በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለነበር፣ የትውልድ መንደራቸውን በዛሬው ካርታ ላይ መጠቆም አይቻልም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰኔ 24 ቀን በየዓመቱ ታስባቸዋለች።

ወጣቱ ሙሴ የአንድ የመንግሥት ባለሥልጣን የቤት ባሪያ ነበር። ጌታው በስርቆቱና በእምቢተኛነቱ ተማርሮ አባረረው። ከዚያም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ፤ ነፍስ እስከ ማጥፋት መድረሱም ይነገር ነበር። ከዚያ ጊዜ የተረፈ አንድ ታሪክ የቂሙን ልክ ያሳያል። አንድ ሌሊት ለዝርፊያ በወጣበት የአንድ እረኛ ውሾች ሥራውን ያሰናክሉበታል። ሙሴ ይህን አልረሳም። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ፣ ወንዙ ሞልቶ አንድ ማይል ያህል በተንጣለለበት ወቅት፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ እየዋኘ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠ። በባዶ እጁ መመለስ ያልፈለገው ሙሴ አራት ምርጥ አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ ያንኑ ወንዝ ዳግመኛ ዋኝቶ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት።

ልቡ የተመለሰበትን ምክንያት ጳላድዮስ አይዘረዝርም፤ አንድ ያጋጠመው ነገር ለንስሐ እንዳነሣሣው ብቻ ይጠቅሳል። ምንኩስናው ግን የቀድሞውን ሰው በአንድ ሌሊት አላጠፋውም። የድሮው ምኞት እየተመለሰ ስላስጨነቃቸው አባ ሙሴ ወደ አስቄጥሱ ካህን ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደው የልባቸውን ገለጡ።

የበረሃው አባቶች ልማድ ይህ ነበር። መነኩሴው በበዓቱ ተቀምጦ የዘንባባ ቅጠል እየታታ፣ ወደ ልቡ የሚገባውን ሐሳብ አንድ በአንድ ይመለከታል፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ፣ ምኞቱ መቼ እንደተነሣ ያስተውላል፤ ያየውንም ሳይደብቅ ለመምህሩ ይናገራል። በግእዝ ትግሃት የሚባለው ይህን ዓይነቱ ንቃት ነው። ዛሬ ማይንድፉልነስ ተብሎ በየአገሩ የሚሰጠው ሥልጠና ከዚህ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢኖርም፣ የእነ አባ ሙሴ ዓላማ ጭንቀትን ማቅለል አልነበረም፤ ንስሐ ነበር።

ይሁንና አባ ሙሴ ሁሉን በጉልበት መፈጸም የለመዱ ሰው ነበሩ። ለ6 ዓመታት ሌሊቱን በበዓታቸው መካከል ቆመው፣ ዐይናቸውን ሳይከድኑ ጸለዩ። ፈተናው አልለቀቃቸውም። ሌሊቱን ለሽማግሌዎች ውኃ በመቅዳት ማሳለፍ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳጎነበሱ ወገባቸውን ተመቱ፤ ጳላድዮስ የመታቸው ጋኔን እንደሆነ ይተርካል። በማግስቱ ወድቀው ተገኙ፤ አንድ ዓመት ያህልም ታመሙ። አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መታገሉን እንዲተዉ፣ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው መከሯቸው። ከሽፍትነቱ ታሪክ ይልቅ የሚደንቀው ምዕራፍ ይህ ይመስላል፤ ብርቱው ሰው ራሳቸውን በኃይል ብቻ ማሸነፍ እንደማይችሉ የተረዱበት።

ጉልበታቸው በሌላ ጊዜ ጠቅሟቸዋል። አራት ወንበዴዎች ማንነታቸውን ሳያውቁ በዓታቸው ድረስ ገብተው አጠቋቸው። አባ ሙሴ አራቱንም አስረው፣ እንደ ገለባ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸውና፣ ሰው መጉዳት ስለማይፈቀድላቸው ምን እንደሚደረግ ወንድሞችን ጠየቁ። ሰዎቹ ያሰራቸው ያ ዝነኛ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እነሱም መነኮሱ።

በሌላ ቀን አንድ ወንድም አጥፍቶ በአስቄጥስ ጉባኤ ሲጠራ፣ አባ ሙሴ ለመሄድ እምቢ አሉ። ካህኑ ልኮ ቢያስጠራቸው ያረጀ ቅርጫት አሸዋ ሞልተው በጀርባቸው ተሸክመው መጡ፤ በሌላው ቅጂ የሚያፈስ የውኃ ዕቃ ነው። አሸዋው በሄዱበት መንገድ ሁሉ ከኋላቸው ይፈስ ነበር። ምን እንደሆነ ለጠየቋቸውም፣ የራሳቸው ኃጢአት ሳያዩት ከኋላቸው እየፈሰሰ በሌላው ጥፋት ሊፈርዱ መምጣታቸውን አስረዱ። ወንድሙ ምንም ሳይባል ይቅር ተባለ።

የጾም ሳምንት ታውጆ ሳለ ደግሞ እንግዶች መጡባቸው። አባ ሙሴ እሳት አንድደው ትንሽ ወጥ ሠሩላቸው። ጎረቤቶች ጢሱን አይተው ከሰሷቸው። ካህናቱ ግን የሰውን ትእዛዝ ጥሰው የእግዚአብሔርን እንደጠበቁ በሁሉ ፊት መሰከሩላቸው።

አንድ ጊዜ አባቶች ሊፈትኗቸው ፈልገው በጉባኤ መካከል በቆዳቸው ቀለም አንቋሸሿቸው። ዝም አሉ። በኋላ ተሰምቷቸው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ማዘናቸውን አልሸሸጉም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር ሐዘኑን በአፋቸው አለማውጣት ነበር። የዛሬ አንባቢ፣ በተለይም በሰው አገር በመልኩ የተሰደበ፣ ፈታኞቹን በቀላሉ ይቅር ላይላቸው ይችላል። ታሪኩን ጽፈው ያቆዩት መነኮሳት ስድቡንም ሐዘኑንም አልደበቁም። ሙሴ ኋላ ቅስና ተቀበሉ።

በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበርበር ወራሪዎች ወደ አስቄጥስ መቃረባቸው ሲሰማ፣ አባ ሙሴ ወንድሞች እንዲሸሹ ነገሯቸው። እርሳቸው አልሸሹም። ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ የሚናገረውን የወንጌል ቃል በራሳቸው ላይ አንብበውት ስለነበር፣ ያን ቀን ለዓመታት ሲጠብቁት እንደኖሩ ገለጹ። ጥቂት ወንድሞችም አብረዋቸው ቀሩ። ከዘንባባ ገመድ ጀርባ የተደበቀ አንድ መነኩሴ፣ በተገደሉት ላይ ሰባት አክሊሎች ሲወርዱ ማየቱ በአባቶች ዜና ተጽፏል። ጳላድዮስ ስለ አሟሟታቸው ዝም ይላል፤ በ75 ዓመታቸው እንዳረፉና 70 ደቀ መዛሙርት እንደተዉ ብቻ ይነግረናል። ዐፅማቸው በዛሬው ዋዲ ናትሩን በሚገኘው የባራሙስ ገዳም፣ ከመምህራቸው ከአባ ኤስድሮስ ጋር ይገኛል።