በወረቀት የቀደመው ሊልየንፌልድ

ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ በትራንዚስተር የታጨቀ ነው። የዚህን ዓይነቱን ትራንዚስተር ሐሳብ ቀድሞ ያስመዘገበው ግን ብዙዎቻችን ስሙን ያልሰማነው ጁሊየስ ሊልየንፌልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ልቪቭ ተወለደ፤ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1925 በካናዳ ባስገባው የፓተንት ማመልከቻ፣ በስስ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንት ከጎን በሚሰጥ ቮልቴጅ ማብዛትና መቀነስ እንደሚቻል ጻፈ፤ የመስኖ ቦይን በመዝጊያ እንደመቆጣጠር በሉት። ምን ያደርጋል፣ በዚያ ዘመን ንጹሕ ሴሚኮንዳክተር ከየት ይምጣ! በ1940ዎቹ መጨረሻ የቤል ላቦራቶሪው ሾክሌይ ይህንኑ ሐሳብ በስሙ ላስመዝግብ ቢል፣ የሊልየንፌልድ ፓተንት ቀድሞት ተገኘ። እኛማ በጥቁር ሰሌዳችን ላይ ከሾክሌይ በፊት የሱ ስም ይጻፍ ባዮች ነን። በ1959 የግብፅ ተወላጁ መሐመድ አታላና ኮሪያዊው ዳዎን ካንግ ሐሳቡን በሲሊኮን ሠርተው አሳዩ። ሊልየንፌልድ ከዚያ በኋላ የኖረው አራት ዓመት ብቻ ነው።